የክር ቤት

«እንግዛ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ፤
አሥር ክረምት በኪራይ ጣራ ሥር፣ ዝናብ ሌት ሲያዋራኝ፣
ባልዲ በባልዲ ስቀይር ወገግ እያለ ሲነጋብኝ፣
ከዛጎል መፈልፈያው ፋብሪካ ስገባ ጣቴ ደንዝዞብኝ፣
ያለቀለት ቤት አማረኝ። ቁልፉን ብቻ ስጡኝ።

በቺሎኤ ደሴት ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ሳያንኳኳ ይገባል፤ ሂድ የሚለው የለም።

ቅዳሜ አውቶቡስ ይዘን ሄድን እስከ ካስትሮ ድረስ፤
ሻጩ ኦያርሱን ቁልፉን በጣቱ ሲያሾር፣ ሲያወድስ፦
«ሦስት መኝታ፣ አዲስ ቀለም፣ መንገዱ እስከ በር የሚደርስ!»
እኔም በልቤ መጋረጃ ስሰቅል፣ አልጋ ሳለብስ።

ሮሳሜል ግን ዝም።
ጀልባ እንደሚመረምር፣ ግድግዳውን በጣቱ አጥንት
ኳ፣ ኳ፣ ኳ አድርጎ አዳመጠ፤ ሐኪም እንደሚያዳምጥ ደረት።
«ኖልፋ፣» አለኝ፣ «የቆመው ቀለሙ ነው፤ ውስጡ የለም እንጨት።»
ስለ ሰው እንዲህ አይናገርም፤ ስለ እንጨት ግን አያውቅም ምሕረት።

ልጃችን ያስና መስኮት ለመስኮት ሮጣ «ባሕሩ የታል?» አለች።
«ከኋላ ነው የኔ ቆንጆ፣ ማድ ቤቱን ዙሪና» ተባለች።
ዞረች። የሲሚንቶ አጥር አገኘች።

ጠባችን ልጅ ስትተኛ ነው።
«እጅህ ዘገምተኛ ነው» አልኩት፤ «ያቺን ያጎትህን ጀልባ
ስትጀምራት ያስና በሆዴ፣ ስትጨርሳት ትምህርት ቤት ስትገባ!»
«እውነት ነው» አለኝ፤ «ግን ጠይቂው፣ እስከ ዛሬ ውሃ ገባ?»

ከታች በሁለታችን ጠብ፣ ከላይ በጣራችን ጠብ፤
ያንዱንስ ባልዲ ይይዘዋል፣ ሌላውን በምን ልሰብስብ?

ተነሣሁ። ከያስና ቦርሳ አወጣሁ የሒሳብ ደብተር፤
ባንዱ ገጽ ባንኩን ጻፍኩ፣ ሃያ አምስት ዓመት ወለድ ሲደመር፣
በሌላው ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ የበር ማጠፊያ፣ ሚስማር፣ ማገር፤
የእናቱ መሬት በነጻ፤ የእሱ ጉልበት ግን በስንት ይቆጠር?
ዜሮ ጻፍኩበት።
ቆይቼ ሰረዝኩት፣ በማፈር።

«ሰውስ?» አልኩት። «ሚንጋ እንጠራለን፤» ሚንጋ ማለት የኛ ደቦ፤
ደሞዙ ገንዘብ አይደለም፤ ሰው ይሸኛል ድንችና ዓሣ ጠግቦ።
የእነ ኤውላሊያ ጣራ ሲመታ ሮሳሜል አንድ ጥፍር ገብሯል፤
ጥፍር ያበደሩት ጎረቤት ሲጠሩት የት ይደበቃል?

«እሺ» ያልኩት ስንት ሰዓት ነው? እንጃ። ባልዲው ሞልቶ ነበር።
እሺ ማለት ሁልጊዜ ደስታ አይደለም፤ አንዳንዴ መድከም ነው ከመከራከር፣
አንዳንዴም ማንም ሳያይ መመኘት ነው፣ ከፍርሃት ዳር።

ዛሬ እሑድ ነው። ኮረብታው ላይ አራት ችካል፣ ቀይ ክር።
ሮሳሜል ለካ፣ ነቀለ፣ ደግሞ ለካ፤ አይ የኔ ዘገምተኛ!
የማዕዘኑ ጉድጓድ ሞልቷል፤ ዝናብ ቀድሞን ገብቶ ተኛ።
ያስና ክሩ መሐል ሣር ላይ ተጋድማ «ይሄ የኔ ክፍል» ትላለች፤
ባሕሩን በግራ ጎኗ አድርጋ፣ ጣራዋን፣ ደመናውን ታያለች።

እኔ ገና አላመንኩም። ክረምቱን በሸራ ሥር ስናድር ይታየኛል፤
ሚስማሩ ሲያልቅ፣ ብሩ ሲያጥር፣ የኦያርሱን ሳቅ ይሰማኛል።
ብቻ፣ ክሩን ልሻገር ስል
እግሬ ቆመ።
ቦቲዬ ጭቃ በጭቃ ነበር።

ከሌለው ደፍ ላይ፣ ከሌለው በር ፊት፣
አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ በሣሩ ጠረግሁ።
«ግቢ እንጂ» አለኝ ሮሳሜል፣ ቀና ሳይል ከመለኪያው።
ገባሁ።