ሐረጎና አርጎ

በቦርከና ሙላት፣ ክረምት በነገሠ፣
አንዲት ባልቴት አዝሎ፣ ጦይብ ወንዙን ጣሰ።
የግራ ኮንጎውን፣ ውሃው ወሰደበት፣
በአንድ እግር ጫማ፣ ደረሰ አጎቱ ቤት።

አጎት ሀብታም ነው፣ ባለ ሦስት ተሳቢ፣
የሙት ወንድሙን ልጅ፣ ሲያይ ሆነ አሳቢ።
«የአባትህን ድርሻ፣ ከሆነ ያሰኘህ፣
ይቺን ሙት ፊያት እንካ፣ አሰብ ድረስ ነድተህ፣
ስትመለስ ያንተ ናት፣» አለው ፊቱን አዙሮ፣
አለመመለሱን፣ በልቡ ቋጥሮ።

ይህን ያጫወተኝ፣ ጎሚስታ ቤቴ ደጅ፣
ፊያቷ ሥር ተጋድሞ፣ እንደ ጠገበ ልጅ።
ሰባት ዓመት ሆናት፣ ጎማዋ ተነቅሎ፣
ድንጋይ ላይ ቆማለች፣ ሞተሯ ሣር አብቅሎ።

ሰኞ ገበያ ወጥቼ፣ በርበሬ ብገዛ፣
መጠቅለያው ያወራል፣ ስለ ወርቅ አጎዛ።
ኢያሶን ይባላል፣ ግሪክ ነው አገሩ፣
ጫማ የበላበት፣ ወንዝ መሻገሩ።
እሱም አጎት አለው፣ ዙፋን የቀማ ሰው፣
«ሂድ አምጣ» እያለ፣ ወደ ሞት የላከው።
ደነገጥኩ። በርበሬው፣ እጄ ላይ ፈሰሰ፣
ይሄ የኛ ጦይብ፣ ግሪክ መቼ ደረሰ?

ማታ አነበብኩለት፣ ኩራዝ አብርቼ፣
በርበሬ እያስነጠሰኝ፣ ዓይኖቼን አሽቼ።
«ለአንድ በግ አጎዛ ነው?» አለኝ እየሳቀ፣
«ያ ሁሉ ጎረምሳ፣ ባሕር ላይ ያለቀ?»
«እሳት የሚተፋ፣ በሬ ጠምዶ አርሷል፣»
አልኩት። «እኔም ላይ» አለ፣ «ሚሌ በረሃ ደርሷል፤
ራዲያተር ሲፈላ፣ ይኸው ክንዴን ልሷል።»

«መርከቢቱስ ስሟ?» አለኝ ጠጋ አርጎ፣
ፊደሉን ለቀምኩት፣ ስሟ ይላል «አርጎ»።
«ሐ ረሳህ» አለኝ፣ «ሐረጎ ነው፣ ሐረጎ፣
ስንቱን የዋጠ ዳገት፣ ጉሙን ነጠላ አርጎ።»

«የመርከቧ ሳንቃ፣ ይናገራል፣» አልኩት።
«የኔም» አለ ጦይብ፣ «እኔው የጠረብኩት፣
የጦሳ ወይራ ነው። ፍሬን አልይዝ ሲለኝ፣
‹ግራ! ግራ!› ብላ፣ ሳንቃዋ አዳነኝ።
እንቅልፍ የማያውቀው፣ የወደቡ ዘበኛ፣
በመይረም ዘዴ ነው፣ ያን ለት የተኛ።»

ቀጠልኩ። ያቺ ሴት፣ አባቷን የከዳች፣
ለሱ ስትል መርዝ፣ ለዘንዶ የቀዳች፣
ጊዜ ሲሞላለት፣ ሌላ ሙሽራ አጭቶ—

«ዝለለው» አለኝ።

ዘለልኩት።

ይህን እሱ አልነገረኝ፤ ሰፈሩ ነው ያለኝ፦
ደሴ ላይ ሸዋ በር፣ ሰርጉ ሲደምቅ፣
መይረም ሁለት ልጇን፣ ይዛ ሄደች በድብቅ፣
ከዚያ መንገድ ተዘጋ፣ አሰብም ሆነ ሩቅ።

የመጨረሻው መስመር፣ በርበሬ አቅልቶታል፦
«ሸመገለ ኢያሶን፣ መርከቡ ሥር ተኝቷል፤
ያቺ ተናጋሪ ሳንቃ፣ በስብሳ ነበርና—»
አላነበብኩለትም። አጠፍኩት እንደገና።

«መጨረሻውስ?» አለ።
«ገጹ ተቀዷል» አልኩት።

«ይቺማ ታውቃለች፣» አለና ሳንቃዋን፣
መታ መታ አረጋት፣ እንደ ላም ጀርባዋን።
አጎዛውን ሳበ፣ አንድ ክንድ ያህል፣
ወደ ሥሯ ይሁን፣ ወዲያ፣ አላየሁም በውል፤
ኩራዙ ጠፋብኝ። ከሐረጎ በላይ፣
አንድ መኪና ያቃስታል፣ መብራቱ ሳይታይ።