ሰኔ ሠላሳ፣ ሂሳብ መዝጊያ

ለገሃር፣ አራተኛ ፎቅ፤ ዝናብ መስኮቱን ሲደልቅ፣
ዓመቱን ልዘጋ ቁጭ አልኩ፤ ሚዛኑ እምቢ አለ፣ አልታረቅ።
በዚህ ወገን ያለው፣ በዚያ ወገን የለም፣
ልዩነቱ ሃያ ሰባት ብር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ሃያ ሰባት ብር!
ከኪሴ አውጥቼ ብሞላው ማን ያያል፣ ማን ይናገር?
አንድ ማኪያቶ እንኳ በቅጡ የማይገዛ፣
ግን የሦስት ሌሊት እንቅልፌን በሐራጅ የገዛ።

«ተዪው እቱ» ይላል ደርበው፤ «ልዩ ልዩ ወጪ በዪው፣
ኦዲተር ለሃያ ሰባት ብር አይሰቅልሽም፤ ዝም ብለሽ ዝጊው።»
እኔ ግን አልችልም። ደሞዜን ቢከፍል ሥራ አስኪያጅ፣
ሌላ አንድ አለ መዝገቤን፣ በትከሻዬ በኩል የሚያነብ ወዳጅ።
ለሰው ዐይን ብቻ አይደለም ትጋቴ፤
ለእርሱ ነው ስደምር፣ ለእርሱ ነው ስቀንስ፣ በሙሉ ልቤ፣ በሙሉ ጣቴ።

እንዲህ እላለሁ፤ አምናም ብያለሁ፣ ካቻምናም እንዲሁ፣
ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ሲርገበገብ፣ በክርኔ ገፋሁ።
በአክስቷ ስልክ ሶስና ነበረች። ዛሬ ካርድ ይሰጣል፣ የወላጆች ቀን፣
ነጭ ቀሚሷን ለብሳ በር በሩን ታያለች፣ ትጠብቃለች እኔን።
አመሻሽ ላይ የእስጢፋኖስ ደወል፣ በባቡሩ ድልድይ ሥር አልፎ፣
መጣና መስኮቴን ነካ፤ ተመልሶ ሄደ፣ በዝናቡ ተጠልፎ።
ለእርሱ ነው እያልኩ የምሠራለት፣
እርሱ ሲጠራኝ «ቆይ» አልኩት።

ድንገት ጋሽ ዘውገ ትዝ አለኝ፣ ጡረታ የወጣው የሂሳብ ሹም፣
እርሳስ ከጆሮው አይለይ፣ ካልኩሌተር በእጁ አይነካም፤
«ልጄ፣ ልዩነትሽን ለዘጠኝ አካፍዪ፤ ከተካፈለ ያለ ቀሪ፣
ገንዘብ ጠፋ ብለሽ አትጩሂ፣ ሌባ ፍለጋም አትዙሪ።
የጎደለ የለም። ሁለት ቁጥሮች ናቸው፣ ወንበር የተለዋወጡ፣
የኋላው ፊት ገብቶ፣ የፊተኛው ኋላ፤ ሳያፍሩ ቁጭ ብለው ያፈጡ።»

ሃያ ሰባት ለዘጠኝ፣ ሦስት። ቀሪ የለም።
ወደ ኋላ ገለጥኩ፤ ግንቦት፣ ሚያዝያ፣ መጋቢት፣ የካቲት፣
ጥር ላይ አገኘሁት።
አንዲት የሳሙና ደረሰኝ፤
አሥራ አራት መሆን ሲገባው፣ አርባ አንድ ብዬ ጽፌ፣ የገዛ እጄ አሳሳተኝ።
ያው አንድ፣ ያው አራት። አንዱም አልጠፋ፣ አንዱም አልተጨመረ፣
ቦታ ብቻ ነው። ቦታ ብቻ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ሚዛን ያሰከረ።

እርሳሴን አስቀመጥኩ።
ሥራዬ ኃጢአት አልነበረም፤ ትጋቴም ውሸት አልነበረም፣
ልጄም አልጠፋችም፣ ጸሎቴም ከልቤ አልተነቀለም።
ብቻ አንዱን፣ ፊት የሚቆመውን፣ ከአራቱ ኋላ አሰልፌ፣
የሰንበት ጉዳይ አድርጌው ነበር፣ ትርፍራፊ ሰዓት አትርፌ።

ዛሬ የመጥምቁ ልደት ነው። ካህኑ አባቱ፣
በአገልግሎት መሐል ተይዞ፣ ወራት ዝም ያለ አንደበቱ፣
ሰሌዳ ለምኖ የልጁን ስም ሲጽፍ ነው የተፈታ።
እኔም ስልኬን አንስቼ «ሶስና» አልኩ፤ መጀመሪያ ዝምታ፣
ቀጥሎ «ሦስተኛ ወጣሁ፤ አንቺ ግን...» ሌላ ዝምታ።
አዎ። እኔ ግን።

ሚዛኑ እኩል መጣ፤ ፈረምኩ፤ ደርበው መብራት አጠፋ፣
ደረጃውን ወረድኩ፣ ጎርፉ የመንገዱን ቆሻሻ ሲገፋ።
እስጢፋኖስ ደረስኩ፤ ሠርኩ አልቆ፣ ዘበኛው ቁልፍ ይዞ፣
ከውጭ ተሳለምኩ፣ ጃንጥላዬ ተገልብጦ፣ ነጠላዬ ውኃ አርግዞ።
«ልቆይ?» አልኩ። መልስ አልሰማሁም፤ እግሬ ግን ወደ ታክሲው ዞር፣
ደጁ ዛሬ ሁለት ነው፤ አንዱ ይሄ፣
ሌላው ልጄ ካርዷን ይዛ የቆመችበት በር።

ነገ ሐምሌ አንድ ነው፤ አዲስ መዝገብ፣ ምንም ያልተጻፈበት።
እጄ ያው እጄ ነው፤ ሲደክመው ቁጥር የሚገለባበጥበት።
ስለዚህ ጌታ ሆይ፣ ከመጀመሪያው መስመር በላይ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ በቀስታ፣
አንድ እጽፋለሁ። አንድ ብቻ።
የቀረው ይግባ በየቦታ።