ጉልበት

አቃቂ፣ ከብረታ ብረቱ አጥር ጀርባ፣
አሮጌ መጋዘን፣ ጎህ ሳይቀድ ስንገባ፣
ጫማችን በሩ ላይ ተራ ይዞ ቆሞ፣
ሲሚንቶው ባዶ እግር ይነክሳል ቀድሞ።

"ኢች፣ ኒ፣ ሳን፣ ሺ" ብሎ ሲቆጥር ጋሽ ወርዶፋ፣
"ሺ"ን ሺህ መስሎኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ወኔዬ ጠፋ፤
ለካስ አራት ኖሯል፤ ግን ያቺው አራት፣
ሺህ ሆና ታርፋለች ሲደጋግሟት።

ቁጥሩን ከወታደር፤ ወታደሩ ደግሞ
ምጽዋ ላይ ከአንድ ጃፓናዊ መርከበኛ ለቅሞ፤
መርከበኛውስ ከማን? እዚህ ላይ ክሩ ይበጠሳል፤
ጋሽ ወርዶፋ ይስቃል፣ ላቡን በክንዱ ያብሳል።

እሱ ሲጀምር ለጠብ ነበር፤ አይዋሽም፤
"የጠጅ ቤት ጀግና ነበርኩ" ይላል፤ አይሸሽም።
ጆንያ አሸዋ እየመታ ቡጢውን ሲያጠነክር፣
አንድ ሰው መጣል ነበር የልቡ ምክር።
ሰውየው ግን ቀደመው፤ በወባ ሞተ፤
ቡጢው ሥራ ፈቶ ክንዱ ላይ ሰነበተ።
"ያኔ ነው እናንተን የሰበሰብኩ" ይላል፣
"ሥራ የፈታ ቡጢ የገዛ ቤቱን ያፈርሳል።"

ግራ ጉልበቱን ፋብሪካ ውስጥ ማሽን በልቶታል፤
ካታው መሃል ሲዞር እግሩ ትንሽ ይጎተታል፤
ሸርተት... ቆም... ከዚያ ምት።
እኛ ምን እናውቃለን? ቀዳነው እንደ ትምህርት።
አርባ ልጅ፣ አርባ ጤነኛ ጉልበት፣
መጋዘኑ ሙሉ ሲያነክስ፣ ባንድ ስልት!

ከተማ ለውድድር ስንወጣ ዳኛው ነጥብ ቀነሰ፤
"ይቺ ማነከስ ከየት መጣች?" ብሎ ወቀሰ።
ሲፈን መልስ አጣች። ነጭ ልብሷን ከዱቄት ከረጢት
እናቷ ሰፍታላት፣ ጀርባው ላይ "ፊኖ" የሚል ጽሕፈት
ታጥቦ ታጥቦ አልለቀቀም።

ጋሽ ወርዶፋ ሰማ። ሱሪውን ሰበሰበ።
ጠባሳውን አሳየን።
"ይሄ የኔ ጉልበት ነው፤ ካታው አይደለም፤ ተዉት" አለን።
አልተውነውም።

ዛሬ መጋዘኑ ፈርሷል። እኔ ቱሉ ዲምቱ፣
ኮንዶሚኒየሙ ሥር፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ምድር ቤቱ፣
ሃያ ሁለት ልጅ አቆማለሁ። አንዱ ለቀበቶው ቀለም፣
አንዱ፣ እናቱ እንዳለችው፣ ቤት ውስጥ ቃል ስለማይናገር ምንም፤
አንዷን ከታክሲው ፌርማታ እስከ ብሎካቸው ያለው ጽልመት
አስፈርቷት።

ካታው መሃል ሲደርሱ፣ ሸርተት... ቆም... ምት።
"ይቺስ ለምንድን ናት?" አለችኝ ትንሿ ፌኔት።
"ጉልበት ናት" አልኳት።

ጎንበስ ብላ ጉልበቷን አየችው። ጭቃ ነክቶታል።
ጠረገችው። ተሰለፈች።
"ኢች" አልኩ።