ግራ ቀኝ

ሁርሶ ቅርብ ነው ይላል ሰዉ ሲያጽናናኝ፤
ቅርብማ ቅርብ ነው፣
ስልክህን ተቀብለውህ ነው ድምፅህ የራቀኝ።

ባጃጅህን ሸምሱ ለሌላ ሰው ሰጣት፣
ግን ያው ጥሩንባዋ፣ ያው ነው የሞተር ሳሏ፤
ቀትር ላይ በበራችን ሽው ስትል ሰምታት
ሂንዲያ ትወጣለች፣ "አባዬ!" ነው ቃሏ።
አቧራ ለብሳ ትመለሳለች፤
እኔን ትታ የኒሙን ዛፍ ትጠይቃለች።

ስትሄድ እንዲህ አልከኝ፣ ከረጢትህን አንግተህ፦
"ስድስት ወር ናት፣ አቦ፣ እንደ ሳምንት ቁጠሪያት፤
ደመወዝ እስኪጀምር፣
ደብተር ግዢና እያንዳንዷን ብር ያዢያት።"
ገዛሁ።
ባለ ሃምሳ ሉክ፣ ሽፋኑ ላይ አንበሳ፤
መሃሉን በማስመሪያ ለሁለት ከፈልኩት፣
ግራው ወጪ፣ ቀኙ ገቢ ብዬ ሰየምኩት።

አንተን እዚያ ሜዳ ግራ ቀኝ ሲያሰኙህ፣
እኔም እዚህ ጓዳ ግራ ቀኝ እላለሁ፤
ያንተ እርምጃ እኩል ነው፣ ቢዛነፍ ይቀጡሃል፤
የኔ ግራ እግር ረዝሞ
ቀኜ ማጠሩን ማን ያያል?

ግራ፦ የቤት ኪራይ።
ግራ፦ የእናትህ መርፌ፣ የስኳሯ፣
አንድ ቀን አልፎ የማያውቅ ተራዋ።
ግራ፦ ዕቁብ፣ ባንተ ስም፣ ዕጣህ እንዳይሰረዝ።
ግራ፦ የሰበርከው የባጃጅ መስታወት፤
ሸምሱ "ቀስ ብሎ ይከፈል" ብሏል፣ ግን በየቀኑ ነው የሚለው።
ቀኝ፦ የፓርኩ ስፌት፣ ሁለት መቶ እጅጌ በቀን፤
ቀኝ፦ ማታ የላስቲክ ውሃ፣ ከዚራ ዛፎች ሥር ቆመን፣
እኔና ሂንዲያ።
ቀኝ በዚህ አበቃ።

ሌሊት ዘብ ትቆማለህ ይሉኛል፤
እኔም ከደብተሬ ጋር ዘብ ነኝ።
"ቁም! ማነህ?" እለዋለሁ ለሚመጣው ዕዳ፤
የይለፍ ቃል አያውቅም፣
ዝም ብሎ ይገባል ጓዳ።

ስምህ በእናትህ ቋንቋ መብራት ማለት ነው፣ ኢብሳ፤
መብራት ኃይል ግን ሂሳብ እንጂ ስም አያነሳ።
ቆረጡት።
"መብራታችሁ የት ሄደ?" አለችኝ ሮዳ ከአጥር ማዶ።
"ሁርሶ" አልኳት።
ሳቅን።
መርፌዎቹን በሷ ማቀዝቀዣ አስገባች፣ ግማሽ ሻማም ሰጠችኝ፤
ሻማውን በየቱ በኩል ልጻፈው?
ግራ ገባኝ።

በሦስተኛው ወር የውሃ ቦቴ ሹፌር በራችንን መታ፣
ከረጢትህን ይዞ፣ አመሻሽ ላይ፣ በዝምታ።
አራት መቶ ብር፣ በሳሙና ልጣጭ ተጠቅልሎ፣
ጽሑፍህ እንደ ትእዛዝ፦
"ሁለቱ ለመርፌ፣ አንዱ ለዕቁብ፣ አንዱ ለሂንዲያ ጫማ" ብሎ።
ለራስህስ?
የኪስ ገንዘብ ናት ያቺ የሚሰጧችሁ፤
ሻይ ሳትጠጣ መክረምህን ብሩ ነገረኝ፣ አንተ ሳትጽፈው።

ከሥር የሄድክበት ልብስ፤ መንግሥት ሌላ ስላለበሰህ።
ሸሚዙን ላጥበው ኪሱን ስፈትሽ
አምስት ብር።
የመጨረሻው ተሳፋሪ ይሆናል፣ ከሳቢያን ለገሃር፤
ተጣጥፋ፣ ላብህን ጠጥታ፣ እዚያው ተረስታ ነበር።

አራት መቶውን በቀኝ ጻፍኩት፣ ሁለቴ አሰመርኩበት።
አምስቷን አልጻፍኳትም፤
ከሽፋኑ አንበሳ ሥር አስተኛኋት።
ዕቁብ ሲያንሰኝ አየኋት፣
ኪራይ ሲጎድል አየኋት፣
አለፍኳት።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ሙቀቱ ግድግዳ አላበው፣
የሰፈሩ መብራት በሙሉ ጠፋ፣
የሮዳም ማቀዝቀዣ እንደ ሳንዱቅ ሞቀ፤
የእናትህ መድኃኒት ሊበላሽ ተቃረበ።
ደቻቱን፣ ደረቁን አሸዋ፣ ተሻገርኩ ወደ መጋላ፤
በአምስት ብር በረዶ፣ በፌስታል፣
እየቀለጠ፣ በክንዴ እየወረደ፣
ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣
አንድም እርምጃ ሳላዛንፍ ሮጬ ገባሁ።

እናትህ ጠርሙሷን ዳሰሰች፤ ቀዝቅዛለች።
"በረዶውን ማን ገዛው?" አለች።
"ኢብሳ" አልኳት።

ቀና ብላ አምፖሉን አየች።