ስንት እርምጃ ልራቅ

ልብሱ ሳይታጠፍ ገና ሌንሶቹን አልጋ ላይ ደረደርኩ፤
ሦስት ናቸው፣ አውቃለሁ፣ ደግሜ ግን ቆጠርኩ።
ካናዬ የዝናብ ልብስ በአራት ሰው ልክ አዘጋጅታ፣
«ባቡሩ በንጋት ነው» አለችኝ፣ ሻንጣውን በጉልበቷ ዘግታ፤
«ከሦስቱ አንዱን ምረጥ። ከአንድ በላይ ቦታ የለም።
እኛ ለሽርሽር እንጂ ለሠርግ ቀረጻ አንሄድም።»

የመጀመሪያው ረጅሙ ነው፤ ክብደቱ እንደ ሕፃን ልጅ፤
ሩቁን ጎትቶ የሚያመጣ፣ ያለ ገመድ ያለ እጅ።
ከአጥሩ ማዶ ቆሜ፣ መቶ እርምጃ ርቄ፣
የጋኩን የወለቀ ጥርስ ማየት እችላለሁ ሰርቄ።
ጋኩ ሰባት ዓመቱ ነው። ካሜራ ሲያይ ሁለት ጣት ያወጣል፤
ሲበላም፣ ሲያለቅስም፣ አንዴም በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ፣ ሁለት ጣት ያቆማል።
ለእሱስ ሌንስ አያስጨንቅም፤ የስልክ ካሜራም ይበቃዋል።

ችግሩ ሺዮሪ ናት።
ትናንት ትከሻዬ ላይ ነበረች፤ በሰኔ አሥራ ሦስት ሞላት።
ካሜራ ስደቅን ፀጉሯን እንደ መጋረጃ ትለቃለች፤
«አባዬ፣ በቃ» ትላለች፤ ፊቷን ይዛብኝ ትሄዳለች።

ሁለተኛው ሰፊው ነው፤ ሰማዩን፣ ሰልፉን፣ የበረዶ ሻጩን ጋሪ፣
ሁሉን ይውጣል፤ ሰው ግን በእሱ ውስጥ ትንኝ ነው፣ ከዳር ዳር በራሪ።
ዳር የቆመውንም ይለጥጣል፤ አምና የአማቴን ጉንጭ ዱባ አስመሰለ፤
እስከ አዲስ ዓመት ድረስ ኩርፊያቸው አልቀለለ።

ሦስተኛው ሠላሳ አምስት ሚሊሜትር ነው፤ ትንሽ፣ ጠርዙ የተላጠው፤
ከኦካያማ ጣቢያ ጀርባ፣ ኡራኖ ሽማግሌው ነው የሸጠው።
«ዙም የለውም» አልኩት ያኔ። «አለው እንጂ» አለኝ፣ ጫማዬን አይቶ፤
«ትራመዳለህ።» ከዚያ ሂሳቡን ተቀበለ፣ ሬድዮኑን ከፍቶ።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል፤ እውነት ነው ነገሩ፤
ልጅ ሲያድግ ግን አባትም ጎረቤት ነው፤ ማንኳኳት አለበት ከበሩ።
በረጅሙ ብሄድ አገኛት ነበር፤ አጥር ተደግፌ፣ ሳታየኝ፣
ስትስቅ፣ የጥርሷ ሽቦ ሲያበራ፣ ሳትደብቀኝ።
ግን ሌባም እኮ እንዲህ ነው፤ ዕቃው በእጁ ነው፣ ባለቤቱ አያውቅም።
ረጅሙን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

በማግስቱ ዝናብ፣ ከዝናቡ በኋላ ወበቅ፤
ሌንሱ ላብ አወጣ፤ በሸሚዜ ጫፍ ብጠርገው ብጠርገው አይደርቅ።
ሰልፉ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል፤ እኛ ሁለት ቆምን፤
ካናዬ የጠቀለለችውን ሩዝ እዚያው ተካፈልን።
ጋኩን የቁመት መለኪያው መለሰው፤ ሁለት ጣት ጎደለው፤
ሁለት ጣቱን አቁሞ አለቀሰ። አነሳሁት፤ ምን ላድርገው።

ሺዮሪ ብቻዋን ወጣች፣ የብረቱ ዘንዶ ላይ። ከታች ቀረሁ አንጋጥጬ፤
በሠላሳ አምስት ሰው ጤፍ ያህላል፤ ያቺ ናት አልኩ፣ አንዷን ጤፍ መርጬ።
ጮኸች አልጮኸች አላውቅም፤ ሁሉም ይጮሁ ነበር አብረው።
ያን ጊዜ ረጅሙ ናፈቀኝ። እውነቱን ልናገረው።

ስትወርድ ፀጉሯ ቆሞ፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ፣
ፊቷ ገና ወደ ቦታው ያልተመለሰ፣ እዚያ ላይ እንደተገለጠ፤
ሄድኩባት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። ክንድ ያህል ሲቀረን፣
መዳፏን ዘረጋች ሌንሱ ላይ። «አባዬ!» ካሜራው ግን ቀደመን።

አሁን የፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈችው እሷ ናት፤
ሰማይ የላት፣ መንኩራኩር የላት፣ ፈገግታ የላት፤
አንድ መዳፍ ብቻ፣ ወረቀቱን የሞላ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የደበዘዘ፣
ከሥሩ፣ አንጓዋ ላይ፣ የመግቢያው ማኅተም፤ ሐምራዊ ዓሣ ነባሪ፣ በላብ የፈዘዘ።
ከጣቶቿ መሐል፣ በቀጭኗ ክፍተት፣ አንድ ዓይን ይታያል፤
ይስቃል ወይስ ይቆጣል፣ ካናዬንና እኔን እስከ ዛሬ ያከራክረናል።
ራሷ ሺዮሪ ናት የለጠፈቻት። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።
ጋኩ ብቻ ቅር ብሎታል፤
«አምስት ጣት ነው ያወጣችው» ይላል፤ «እንዲህ አይደለም።»