ማን አሳደደህ?

አስፋልቱ አለቀ ከሱሉልታ ወዲያ፣
ከዚህ በኋላ ነው የመንገድ መለያ።
ከጎማዬ ነፋስ ጥቂት ቀነስሁለት፣
ጠጠር እንዲለምደው፣ እንዳይነጥር ድንገት።
ግራና ቀኝ አጥር፣ ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ ውሻ፤
ውስጡ ግን ቤት የለም፤ ሣርና አሮጌ ማረሻ።

ዳገቱ ጀመረ፤ ባሕር ዛፍ ይሸታል፣
በትልቁ ጥርስ ላይ ሰንሰለቴ ይስላል፣
ልቤ ጆሮዬ ውስጥ እህል ይወቅጣል፤
እንጨት የጫነ አህያ ቀድሞኝ ይወጣል።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ጠጠሩ ከዳኝ፤
እንደ ፈሰሰ ሽንብራ አንከባለለኝ።
ሰማዩን አየሁት፤ ቀጥሎ አፈሩን፤
እንደገና ሰማዩን።

«ማን አሳደደህ?» የሚል ድምፅ መጣ፣
ከድንጋዩ ካባ፣ አንዲት ሴት ተቀምጣ፤
ጭኗ መሐል ድንጋይ፣ እጇ ላይ መዶሻ፣
ጠጠር ትሠራለች እስከ ቀን መጨረሻ።

«ብርቂቱ እባላለሁ» አለች ሳልጠይቃት።
«ማንም አላሳደደኝ፤ እንዲሁ ነው» አልኋት።
እንዲሁ የሚለው ቃል ገረማት መሰለኝ፣
«እንዲሁ…» አለችና ዝቅ ብላ አየችኝ፤
የተላጠ ጉልበቴን፣
የጎበጠ ፔዳሌን።

ፔዳሉን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ጫፉን
ሁለቴ መታችው፤ አቃናችው ጉብጡን።
«ሒሳብስ?» ብላት፣ በመዶሻው ጠቁማ፣
«ያ ክምር የእኔ ነው፤ ዞረህ እለፍማ፤
ሲኖትራኩ መጥቶ ሳይለካ እንዳይፈርስ።»
ዞሬ አለፍሁ፣ ብስክሌቱን እየገፋሁ፣ ቀስ።

እሑድ እሑድ አሁን እዚያው ጋ ስደርስ
ጠጠሩ ከሥሬ ሲንኮሻኮሽ፣ ሲፈስ፣
የትኛው የእሷ ነው? አላውቅም፤ እነዳለሁ።
ፔዳሌ በየዙሩ ዛሬም ቀጭ ይላል፤
መካኒኩ በዳሳ «ቀይረው» ይለኛል።
«እንዲሁ ተወው» እላለሁ።