ቃለ ጉባኤ ከአጅማን

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ከጎማ ጥገናው ፎቅ ላይ፣
ከጀልባ ሠፈሩ ብዙ በማይርቅ፣ ግን ባሕሩ በማይታይ፣
ኤሲው በሚያለቅስበት ክፍል፣ ባልዲ ከሥሩ ደቅነን፣
ለስብሰባ ተቀመጥን። ተቆጠርን፤ ሰባት ሆነን።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ደብተሩም ብዕሩም የኔ ነው።
አጀንዳው አንድ ብቻ፦ "ለልጆቹ ምን እናቁም?" ነው።

"ልጆቹ" እንላለን ዛሬም። እኛ ሸብተን፣
የስኳር ኪኒን በኪስ፣ መነጽር በመነጽር ላይ ደርበን፤
እነሱ ግን ያው ዐሥራ ሰባት፣ ያው ዐሥራ ስምንት፣
ነጭ ቆብ፣ አዲስ የተላጨ ማጅራት፣
ገና ያልለሰለሰ ቀበቶ።

ዘርአይ ቀደመ፤ ከመርከብ ብየዳ ላይ ነው የመጣው፤
ቅንድቡ ላይ የብረት ብናኝ አለ፣ ገና ያልጠረገው።
"መልህቅ ይሁን" አለ፤ "ከዶኩ አሮጌ አይጠፋም፤
እኔ እጠግነዋለሁ፣ ሳንቲም አታወጡም።"
ኦቶሎ ደወል አለ። ሀምዲኖ እብነ በረድ፣ ከነስማቸው፣
ከነፎቶግራፋቸው።
"የምን ፎቶግራፍ? ከመዝገቡ ጋር ወደብ ላይ ቀረ"፤
ወልደሰንበት ነው፤ ሁላችን የፈራነውንም እሱ ተናገረ፦
"መልህቁስ ይሁን። የት ይተከል?
እዚያ አፈሩ የኛ ነው፣ ባሕር የለው፤
እዚህ ባሕሩ ሞልቷል፣ አፈሩ የሰው።"

ማንም አልመለሰለት። ባልዲው ሞላ። ተነሥቼ ደፋሁት።
ይህን በቃለ ጉባኤው አልጻፍኩት።

ስም ዝርዝሩን አንብብ አሉኝ።
ሃያ ሁለቱን ከነአባት፣ አንዳንዱን ከነአያት ጠራሁ፤
ሃያ ሦስተኛው ላይ ቆምኩ።
"ቁንጫ" ነበር የምንለው፤ ጫማው ውስጥ ካርቶን አንጥፎ
የቁመት ልኩን ያለፈ፣ በግማሽ ጣት ተርፎ።
የአባቱ ስም? ተያየን። ዘርአይ ጣራውን አየ።
ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ለካ ማንም አልጠየቀም።

ደብተሩ የማያውቀውን ለእናንተ ልንገራችሁ።
ወደቡ በጭስ ሲሸፈን፣ በዚያች ሌሊት፣ በሁለት ጀልባ ወጣን።
በጨለማው፣ በጥድፊያው፣ ማን እንደጫነው ሳይታወቅ፣
የሁለቱም ጀልባ የውሃ ጀሪካን እኛ ጋ ነበር።
ንጋት ላይ ተለያየን። የእነሱ ሞተር ቀጥ አለ ይባላል።
አራት ቀን ይባላል።
እኛ ማዶ ደረስን። አንደኛውን ጠጥተነዋል፤
ሁለተኛው ጀሪካን
ሳይከፈት ደረሰ።
ከጀልባዋ ያወረድኩት እኔ ነኝ።
ሃያ ሊትር ነው። ክብደቱን አውቃለሁ።

ጀማነሽ ከበሩ አጠገብ ነበረች፤ የሃያ አንደኛው እኅት።
እሱ ሲሄድ የአምስት ዓመት ልጅ፤ ዛሬ በሰው ቤት ታበስላለች፣
ዓርብ ዓርብ ግማሽ ቀን ታርፋለች።
የመናገር ተራ አልነበራትም። ተናገረች።
"እኔ የምሠራበት ቤት፣ ከአጥሩ ውጭ ማቀዝቀዣ ቆሟል፤
ለሞቱት አባታቸው ነፍስ። ያለፈ ያገደመ ይጠጣል።
ሦስት ቧንቧ አለው፣ አንድ ጣሳ በሰንሰለት።
ወንድሜን የጠማው" አለች፣ "ሐውልት አይደለም።"

ሰባት ሽማግሌ አንገታችንን ደፋን፣
ሰልፍ ላይ ቁልፉ እንደተገኘበት ምልምል።

ተወሰነ፦ ማቀዝቀዣ፣ ከጎማ ቤቱ ግድግዳ ሥር።
ባለቤቱ ይጠየቃል። መብራቱን እኛ እንከፍላለን።
ማጣሪያው በየሦስት ወሩ ይቀየራል፤ ተረኛ፣ ኦቶሎ።
ከፊት ለፊት ጽሑፍ ላይፈቀድ ይችላል፤ ስለዚህ ዘርአይ
ስማቸውን በጀርባው፣ ግድግዳውን በሚያየው በኩል
በብየዳ ይጽፋል።
ሃያ ሦስተኛው "ቁንጫ" ተብሎ ይጻፍ ተባለ፤
ሀምዲኖ ተቃወመ፤ በድምፅ ብልጫ አለፈ።

ሐምሌ ላይ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ አንድ ልጅ፣
ከዳካ ይሁን ከፔሻዋር፣ ወይም ከወሎ፣ እንጃ፣
ጣሳውን ሁለቴ ይሞላል፤ አፉን በክንዱ ይጠርጋል፤
ማንን እንደሚያመሰግን ሳያውቅ ወደ አውቶቡሱ ይሮጣል።
ይህ ግምት ነው። ቃለ ጉባኤ ግምት አይቀበልም።

ስብሰባው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋ።
ስለ ጀሪካኑ የተነሣ ነገር የለም።